የ1930ዎቹን እንግሊዝ ለማወቅ፦ ፕሪስትሊ ወይስ ኦርዌል?

እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ በ1933 እ.ኤ.አ. መጸው ከለንደን ወደ ሳውዝሃምፕተን በአውቶቡስ ተነሥቶ በሰሜን እስካለችው ኒውካስል አገሩን አካለለ፤ የጉዞ መጽሐፉ «ኢንግሊሽ ጀርኒ» በ1934 ታተመ። ሌላው እንግሊዛዊ ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በ1936 መጀመሪያ በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች በዊጋን፣ በባርንስሊና በሼፊልድ ከከሰል ቆፋሪዎች ዘንድ ሰነበተ፤ ስለዚሁ የጻፈው «ዘ ሮድ ቱ ዊጋን ፒር» በ1937 ወጣ።

ስፋት፦ ፕሪስትሊ ይበልጣል።

ጥልቀት፦ ኦርዌል፣ ያለ ጥርጥር። ሁለት ሕፃናት ያሉት ሥራ አጥ ቤተሰብ በሳምንት 32 ሺልንግ ሲኖር ለኪራይ 9 ሺልንግ ከግማሽ ፔኒ፣ ለከሰል 2 ሺልንግ እያለ እስከ ወተቱ ይዘረዝራል። ፓውንድ 20 ሺልንግ፣ ሺልንግ 12 ፔኒ እንደነበር ካልያዙ ሒሳቡ አይገባም።

ወጪ፦ ኦርዌል የሞተው በ1950 ነውና ብሪታንያ ውስጥ የቅጂ መብቱ ከ2021 ጀምሮ አብቅቷል፤ ስለዚህ መጽሐፉ በነፃ ሊገኝ ይችላል፤ የፕሪስትሊ መብት ግን ገና አላበቃም።

ከተሞቹን ሊጎበኝ የተነሣ በፕሪስትሊ ይጀምር። የድሃውን ጓዳ ማየት የፈለገ ኦርዌልን ይያዝ፤ የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል የፖለቲካ ሙግት ስለሆነ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃዋል።