ሠላሳ ዓመት የተዘጋ እስር ቤት፣ መብራቱ ግን ያልጠፋ

የፊልሙን ስም አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ «እስቲ ምን ያህል ቢያስጠላ ነው» ብላችሁ ትፈልጉታላችሁ። እኔ ራሴ ያየሁት እንደዛ ተብዬ ነው። ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ፍላሽ የሚሞላልኝ ልጅ «አቦ ይሄኛው አይረባም፣ ግን በጣም ስለማይረባ ጭኜልሃለሁ» አለኝ። አምስት ፊልም በአንድ ሂሳብ ስለጫነልኝ ለዚህኛው ለብቻው ከፈልኩ ማለት አይቻልም። ቢሆንም ተበልቻለሁ።

ዓይነቱ ስላሸር የሚሉት ሆረር ነው፤ ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ወጣቶችን አንድ በአንድ የሚለቅምበት። ታሪኩ በሁለት መስመር ያልቃል። ስድስት ተማሪዎች የተዘጋ እስር ቤት ገብተው ሊያድሩ ይወራረዳሉ። ውስጥ የድሮ እስረኛ ይሁን የድሮ ጠባቂ እስከ መጨረሻው ያልለየለት፣ የበያጅ ጭምብል ያደረገ ሰውዬ አለ። ይገድላቸዋል። አለቀ።

ያየነው ቅዳሜ ማታ ሳቢያን እኛ ቤት ነው። እኔ፣ ከሐረር የመጣው የአክስቴ ልጅ፣ እና ከኩሽና ሳሎን የምትመላለሰው እናቴ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ስላለን በሩን ወለል አድርገን ቬንትሌተሩን መጨረሻው ላይ አድርገነዋል። ለሆረር የሚሆን ድባብ አይደለም፣ ልክ ነው፣ ጥፋቱን ግን በቬንትሌተሩ ላላክክ አልችልም።

ልጆቹ ገና እንደገቡ አንደኛዋ ባትሪዋን እያበራች «እዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አልገባም፣ መብራትም የለም» ትላለች። ከጀርባዋ፣ በሩ አናት ላይ፣ አረንጓዴ የመውጫ ምልክት ቦግ ብሎ በርቷል። የአክስቴ ልጅ «የእኛ ሰፈር መብራት ሦስት ቀን መቆየት አቅቶት የእነሱ ሠላሳ ዓመት?» ብሎ ፈነዳ። እሱ ደግሞ ጀጎል ያደገ ልጅ ነው፤ ማታ በጠባቡ መንገድ ጅብ ሲገጥመው ጥግ ይዞ የሚያሳልፍ ሰው በዚህ ሊደነግጥለት አይችልም። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ታሪኩን ትተን ስህተት መልቀም ጀመርን። የክፍሎቹ በር ትናንት የተቀባ ነው። ቁልፉ አዲስ፣ ፋብሪካ የለጠፈበት ወረቀት እንኳ አልተላጠም። አቧራ ደግሞ የለም። ሠላሳ ዓመት የተዘጋ ቤት ውስጥ አቧራ ማጣት እኮ ትልቅ ችሎታ ነው! እዚህ ድሬ መስኮት ከፍተህ ጁምዓ ሰግደህ ብትመለስ ጠረጴዛው ላይ ስምህን ትጽፍበታለህ።

ደሙ ቪምቶ የሚባለው ለስላሳ መጠጥ ነው። ወላሂ ቪምቶ ነው፣ ቀለሙም አፈሳሰሱም። የፊልም ደም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከበቆሎ ሽሮፕና ከቀይ የምግብ ቀለም ነው፤ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ጠቆር ያደርገዋል፣ ወፈር ያደርገዋል። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ሲሠራ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ለሻወር ቤቱ ግድያ ደም የተጠቀመው የቸኮሌት ሽሮፕን ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሻወር ቤት ገብቶ መጋረጃውን ያያል። እነዚህ ግን አንዱን ልጅ አንገቱን ቆርጠውት ሸሚዙ ላይ ሮዝ ነገር ፈሰሰ። እሱም ከሞተ በኋላ ዓይኑን አርገበገበ። መልሰን አየነው፣ ሁለት ጊዜ አርገብግቧል።

አሁን «በጀት የላቸውም፣ ምን ያድርጉ» የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። አልቀበልም። ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 «ሃሎዊን»ን የሠራው 325 ሺህ ዶላር ገደማ በሆነ ገንዘብ ነው፣ ያውም በሦስት ሳምንት ገደማ ቀረጻ። የገዳዩ ጭምብል ከሱቅ በሁለት ዶላር ገደማ የተገዛ «ስታር ትሬክ» የሚባለው ፊልም ላይ ያለው የካፒቴን ኪርክ ጭምብል ነው፤ ነጭ ቀብተው፣ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍተው ተጠቀሙበት። ሙዚቃውንም ዳይሬክተሩ ራሱ ነው የሠራው። የበልግ ወቅት ለማስመሰል ደግሞ ቅጠል ቀለም እየቀቡ መንገድ ላይ በትነው፣ ቀረጻው ሲያልቅ መልሰው እየለቀሙ ለሚቀጥለው ትዕይንት አቆይተውታል። ቅጠል እየለቀሙ! ደም ራሱ ያን ያህል የለበትም። የኛዎቹ ሰዎች ግን የመውጫ ምልክት ላይ አንድ ጨርቅ ጣል ማድረግ አቅቷቸዋል። ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ነው?

በእውነት ያናደደኝ ግን መብራቱም ደሙም አይደለም። ቦታው ነው። እስር ቤቱ እውነተኛ እስር ቤት ይመስላል፤ እንደዛ ዓይነት የብረት ደረጃና ረጅም ኮሪደር በዚያ በጀት ሊገነቡት አይችሉም። እጃቸው ላይ የገባ ወርቅ ነበር።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ይቺ ከተማ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ የወለዳት ናት፣ አዲሱ ባቡር ደግሞ ጣቢያውን ከከተማ አውጥቶ አሮጌዎቹን ፉርጎዎች ለዝገት ትቷቸዋል። ልጅ ሆነን የምድር ባቡር ግቢ ዘበኛው ሲዘናጋ ሾልከን እንገባ ነበር። የተተወ ቦታ ምን እንደሚመስል ከዚያ ነው የማውቀው፣ ምን እንደሚመስል ሳይሆን እንዲያውም ምን እንደሚል። ቀኑን ሙሉ የድሬ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ብረት ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ድምፅ ያወጣል። ጠቅ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ማንም ከሌለበት ፉርጎ ውስጥ ጠቅ። የእግር ኮቴ ነው ብለን ስንሮጥ ጫማ ጥለን የመጣንበት ቀን አለ፤ እናቴ ስለዚያ ጫማ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ይሄ ሁሉ ብረት ያለበት ቤት ውስጥ ገብተው ማይክ ይዘው ዝም ቢሉ ይበቃቸው ነበር። እነሱ ግን አንድ ሰው በር በከፈተ ቁጥር ቫዮሊን ያስጮሃሉ። ድመት ስታልፍም ቫዮሊን። ልጅቷ ስልኳ ሲጠራም ቫዮሊን። ከስር ደግሞ፣ ጆሮ ላለው፣ የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል።

ፊልሙ ሲያልቅ ብስጭቴ ስላልወጣልኝ ስለ እውነተኛ የተዘጉ እስር ቤቶች ሳነብ አመሸሁ። ፊላደልፊያ ውስጥ ኢስተርን ስቴት የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1829 ተከፍቶ በ1971 ተዘጋ፣ አሁን ሰው ከፍሎ የሚጎበኘው ሙዚየም ነው። አሠራሩ እንደ ጋሪ ጎማ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ክብ ቦታ፣ ከዚያ በየአቅጣጫው የሚዘረጉ ኮሪደሮች። መሃል የቆመ ጠባቂ ዞር እያለ ሁሉንም ያያል። እስረኛው ብቻውን ነው የሚታሰረው። ብርሃን የሚገባው ጣሪያው ላይ ካለች ትንሽ መስኮት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ከክፍሉ ሲያወጡት ማንም ሳያየው፣ እሱም ማንንም ሳያይ እንዲሄድ ፊቱን የሚሸፍን ነገር ያጠልቁለት ነበር። ፊቱ የተሸፈነ ሰው በዚያ ኮሪደር እየተመራ ሲሄድ አስቡት እስቲ። የበያጅ ጭምብል ምን አመጣው?

ለሐቅ ያህል አንድ ጥሩ ነገር አለ። ወደ ማለቂያው ላይ የመጨረሻዋ ልጅ አልጋ ስር ተደብቃ ካሜራው ኮሪደሩ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ምናልባት አሥር ሰከንድ ያህል ነው፣ ሙዚቃ የለም፣ ሰው የለም። የአክስቴ ልጅ ሳምቡሳውን አፉ ጋ አድርሶ ቆመ። ሙዚቃውን ማስገባት ረስተውት ነው ብዬ ነው የማምነው። ልጅቷም ጎበዝ ናት፣ ስትሮጥ የምር ነው የምትሮጠው፣ የት እንደምትደርስ ባይታወቅም።

እናቴ በበኩሏ ቁጭ ብላ አላየችም፣ ሻይ ስታመጣና ብርጭቆ ስትሰበስብ ብቻ ነው ያየችው፣ ግን የጸሐፊው ራስ ምታት መሆን የነበረበትን ሁሉ እሷ ጠየቀች። «ሰውየው ምን አድርገውት ነው?» አናውቅም። «በሩ ክፍት አይደል፣ ለምን አይወጡም?» አናውቅም። «እናት የላቸውም? ማንም አይደውልላቸውም?» የአክስቴ ልጅ ሊያስረዳት ሞከረና ራሱ ግራ ተጋባ።

ከአሥር ሁለት ሰጥቼዋለሁ። አንዱ ለአሥሩ ሰከንድ፣ አንዱ ለሯጯ። ፊልሙ ልጅቷን የግቢው በር ላይ አቁሞ፣ ትውጣ አትውጣ ሳይነግረን ድንገት ጥቁር ሆነ። ፍላሹ ላይ ቁጥር ሁለትም ተጭኗል፣ ላጠፋው ነበር። እናቴ ግን ከትናንት ጀምሮ «ያቺ ልጅ ቤቷ ገባች?» እያለች ስለጠየቀችኝ ትቼዋለሁ፤ ቅዳሜ መብራት ካለ እናየዋለን።