«የጀርመን አሻራ» በመሀል አዲስ አበባ፦ የአንድ የእግር ጉብኝት ግምገማ

አንድ የአስጎብኚዎች ቡድን በመሀል አዲስ አበባ የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት እያካሄደ ነው። ማስታወቂያው ጉብኝቱን «ታሪካዊቷ የጀርመን ከተማ በአዲስ አበባ ውስጥ» ይለዋል። መነሻው ቴዎድሮስ አደባባይ ሲሆን፣ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ይወጣል፤ ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል አራት ኪሎ ደርሶ ወደ ታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ይወርድና መጨረሻውን ስድስት ኪሎ ላይ ያደርጋል። ለአንድ ሰው 600 ብር የሚከፈል ሲሆን፣ የገዳሙ መግቢያና የታክሲ ሒሳብ ከዚህ ውጭ ነው። በጉብኝቱ ተካፍያለሁ፤ ገንዘቡም ጊዜውም የሚቆጭ ሆኖ አላገኘሁትም። ሆኖም ርእሱ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ጎብኚውን ከመነሻው የተሳሳተ ነገር እንዲፈልግ ያደርገዋል።

አዲስ አበባ አርመን ሰፈር አላት፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን የማያውቅ ነዋሪም የለም። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጀርመን አደባባይ የሚባል ቦታ ቢኖርም፣ በመሀል ከተማው ውስጥ ግን ጀርመኖች ተሰባስበው የኖሩበትና እንደ ትንሽ ከተማ የሚቆጠር ሰፈር የለም። በ1897 ዓ.ም. በፍሪድሪክ ሮዘን የተመራው የጀርመን መልእክተኛ ቡድን ከዳግማዊ አጼ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተፈራረመ በኋላ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ጸንቶ ቆየ፤ ኤምባሲውም ዛሬ ቀበና ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ በማስታወቂያው ተስቦ የጀርመን መንደር ለማየት የሚመጣ ሰው ያዝናል። በጉብኝቱ የሚታየው ኢትዮጵያውያን ነገሥታት አዝዘው ያሠሩት፣ ጀርመናውያን ወይም ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ደግሞ በእጃቸው የሠሩት ወይም የነደፉት ሥራ ነው። ይህ በእኔ አስተያየት ከአንድ የጀርመን ሰፈር የበለጠ ክብደት ያለው ታሪክ ነው፤ አስጎብኚዋም ጥሩ በሆነችባቸው ሰዓታት ሁሉ ጥሩ የሆነችው ሁለቱን ወገን፣ አሠሪውንም ሠሪውንም፣ አብራ ስታነሣ ነበር።

በቴዎድሮስ አደባባይ ግን ይህ አልሆነም። እዚያ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ነው፤ ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። አስጎብኚዋ ይህን የተናገረችው ከመካከላችን አንድ ሰው ከጠየቃት በኋላ ነበር። «ጀርመኖች የሠሩት መድፍ» ብላ አልፋ መሄዷንም አልወደድኩትም። ጋፋት ላይ ለአጼ ቴዎድሮስ የሠሩት የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን በባዝል ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ከጀርመን፣ ከፊሎቹም ከስዊዘርላንድ የመጡ ነበሩ፤ ስሙ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚታወቀው ቴዎፊል ቫልድማየር ራሱ ስዊዘርላንዳዊ ነበር። በመድፍ ቀለጣው ትልቁን ድርሻ የያዘው ሞሪትዝ ሆል ደግሞ የፖላንድ ተወላጅ ነው። ሰዎቹ መድፍ መሥራት ሙያችን አይደለም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም፤ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያን ብረት በሰው ጉልበት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያስጎተቱትም፣ መንገዱን ከሠራተኞቻቸው ጋር እየወረዱ ያስጠረጉትም ራሳቸው አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። ይህን ሁሉ «ጀርመኖች የሠሩት» በሚል አንድ ሐረግ መጠቅለል ለጀርመኖቹም ለንጉሡም ፍትሐዊ አይደለም። በተረፈ አደባባዩ የመኪና ጩኸት የበዛበት ስለሆነ ከኋላ የቆሙት ብዙውን አልሰሙም፤ ቡድኑ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ቢይዝ ወይም ማብራሪያውን ከመንገዱ ዳር ፈቀቅ ብሎ ቢሰጥ ችግሩ በቀላሉ ይፈታል።

ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ፒያሳ ያለው ዳገት ለሽማግሌዎች ይከብዳል። አስጎብኚዋ ይህን አስቀድማ ማሰቧን አደንቃለሁ፤ አቀበቱን መውጣት ላልቻሉ ሁለት ተካፋዮች ታክሲ አስቁማ፣ ሌሎቻችን እስክንደርስ ምኒልክ አደባባይ ላይ ጥላ ያለበት ቦታ እንዲጠብቁን አድርጋለች።

የዳግማዊ አጼ ምኒልክ ሐውልት የቀረበበት መንገድ ከመጀመሪያው ማቆሚያ እጅግ የተሻለ ነበር። ዘውድ ደፍተው፣ የፊት እግሮቹን ባነሣ ፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበትን ይህን ሐውልት የነደፈው ጀርመናዊው ካርል ሄርቴል ሲሆን፣ የተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዘውድ ከመድፋታቸው አንድ ቀን አስቀድመው የዓድዋውን ድል አድራጊ በሕዝብ ፊት ማቆማቸው ምን ማለት እንደነበረ አስጎብኚዋ በጥሩ አማርኛ አስረድታናለች። ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ሐውልቱን ከቦታው እንዳነሣው፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ እንደተተከለ የተረከችበት አኳኋን ስሜታዊ ሳይሆን የተመዘነ ስለነበር ይበልጥ ነካኝ። ከጎኑ የሚታየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የጣሊያናዊው መሐንዲስ የሰባስቲያኖ ካስታኛ ሥራ መሆኑን በመናገር የጀርመኑን ከጣሊያኑ እንዳናደባልቅ ማድረጓም ተገቢ ነበር። ቅሬታዬ ጊዜው ማነሱ ብቻ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በአጠገቡ ሆኖ ሳለ፣ ሐውልቱና ሙዚየሙ እንዴት እንደሚተያዩ አንድ ቃል ሳይነገር ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን።

የጉብኝቱ ልብ በዓታ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዚህ ማቆሚያ ብቻ መሄድ ይገባል። ብዙዎቻችን ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ ስንወርድ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን ባለ ዘውድ ጉልላት በታክሲ መስኮት አይተን አልፈነዋል፤ ወደ ውስጥ የገባን ግን ጥቂቶች ነን። አጼ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በይፋ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ በምትገኘው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ቆየ። ልጃቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ለአባታቸው የሚገባ ማረፊያ እንዲሠራ አደረጉ፤ ሥራውም በ1920 ዓ.ም. ገደማ ተጠናቀቀ። ነዳፊው ያው ካርል ሄርቴል ነው። በዚህ ምክንያት ጠዋት ፒያሳ ላይ ያየነው እጅና በዓታ ላይ የምናየው እጅ አንድ መሆኑን ስናውቅ፣ ተራርቀው የቆሙት ሁለት ሥራዎች በአንድ ታሪክ ተያያዙልን። የጉብኝቱን ቅደም ተከተል ያወጣው ሰው ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ በአገራችን እንደተለመደው ክብ ወይም ስምንት ማዕዘን አይደለም። አራት ማዕዘን ሆኖ ከላዩ ትልቅ ጉልላት፣ በጉልላቱ ላይም ዘውድ ተቀምጦበታል፤ መግቢያውን የድንጋይ አንበሶች ይጠብቁታል። ውስጡ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከኢትዮጵያ ታሪክ በተወሰዱ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው። የሕንፃው አካል ከአውሮፓ የመጣ ቢመስልም አገልግሎቱ፣ ሥርዓቱና ዜማው ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱ ሳይጣሉ አብረው መቆማቸውን ቆሞ ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ የምኒልክን መቃብር የሠራው ጀርመን ነው እያልሽን ነው?» ብለው ጠየቁ። አስጎብኚዋም «ጋሼ፣ የነደፈው ጀርመናዊ ነው፤ ያሠሩት ግን ልጃቸው ዘውዲቱ ናቸው። ድንጋዩን የተሸከመውና የጠረበውም የአገሩ ሰው ነው» ብላ መለሰች። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንዲያ በይኝ!» አሉ። ቡድኑ ይህን መልስ በማስታወቂያው ላይ ቢያሰፍረው አሁን ካለው ርእስ እጅግ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ አስጎብኚዋ ዝም ብላ ማብራሪያውን ለገዳሙ አባት ለቀቀች፤ ይህም የማስተዋል ምልክት ነው። አባታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል በታች ወዳለው ክፍል ይዘውን ወረዱ። አጼ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በእምነበረድ መቃብሮች ውስጥ እዚያ አርፈዋል፤ አቡነ ማቴዎስና ልዕልት ፀሐይም እዚያው ናቸው። ደረጃው ጠባብ፣ ብርሃኑም ደካማ ስለሆነ ጉልበት የሚያመው ሰው ረዳት ይዞ ቢወርድ ይመከራል። አባታችን በቸኮለ ድምፅ ሳይሆን እንደ ቤተ ዘመድ ሐዘን ተራኪ ረጋ ብለው ሲናገሩ፣ ከመካከላችን ያሉ ወጣቶች እንኳ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ያዳምጡ ነበር። ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ማረፋቸውን፣ ከዚያም ከባለቤታቸው ጎን የመጡ መሆናቸውን ሲነግሩን፣ በትምህርት ቤት እንደ ቀን ቁጥር ያጠናነው ነገር የሰዎች ሕይወት መሆኑ ተሰማኝ።

የመጨረሻው ማቆሚያ ስድስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በር ላይ ነው። ግቢው ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኝበታል። ወደ ውስጥ ሳንገባ በቆምንበት የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ ሰማን። የአማራው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ከኤርፉርት ተወላጁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ ሌላ የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው በግእዝ ተነጋገሩ። በ1652 እ.ኤ.አ. የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዟቸው ወደዚያች ትንሽ የጀርመን ከተማ ሄዱና ሉዶልፍን ስለ አገራቸው፣ ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ አስተማሩት። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ ሉዶልፍ ግን የተማረውን አልጣለም፤ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ። እስከዚህ ድረስ ስንሰማ የዋልነው ጀርመኖች ለእኛ ስለሠሩት ሲሆን፣ ይህ ታሪክ የእኛ ሰው ለጀርመን መምህር የሆነበት ነው። ስለዚህ ከማለቂያው ላይ ተጨምቆ ከሚነገር ይልቅ ለብቻው ሰፊ ጊዜ ቢሰጠው እመርጣለሁ፤ ድካም በበዛበት ሰዓት ስለቀረበ ግማሾቻችን ታክሲ እየፈለግን ነበር። በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን በ1898 ዓ.ም. በአጼ ምኒልክ ፈቃድ ያከናወነው ሥራ ፈጽሞ አለመነሣቱም ትልቅ ጉድለት ነው፤ የአክሱም ሐውልቶችና ጽሑፎች በዘመናዊ መንገድ ተለክተውና ተነድፈው የተመዘገቡት በዚያ ቡድን ነውና።

ስለ አገልግሎቱ በጠቅላላ፦ አስጎብኚዋ ሰው አክባሪ፣ ሰዓት ጠባቂና የማታውቀውን «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» የምትል ናት። የታደለን ባለ አንድ ገጽ ካርታ ግን ማቆሚያዎቹን ብቻ እንጂ ዓመተ ምሕረትና የሰዎችን ስም አልያዘም፤ ቢያንስ የሄርቴልን፣ የሆልንና የአባ ጎርጎርዮስን ስም ቢያካትት ጎብኚው ቤቱ ሲመለስ ራሱ የሚያነበውን ያውቃል። ቡድኑ ከአሥር ሰው በላይ አለመቀበሉን ግን እንዲጠብቀው አሳስባለሁ፤ የበዓታ ምድር ቤት ከዚያ በላይ አይችልም።

ለመሄድ የሚያስቡ በበዓታ ጫማ እንደሚወልቅ ያስቡ፤ ሴቶች ነጠላ ይያዙ፤ ፎቶ ለማንሳት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። እሑድና በዓል ቀን ቅዳሴ ስለሚኖር የሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል። አቀበቱን የሚፈሩ ሰዎች ቡድኑን ምኒልክ አደባባይ ላይ ቢቀላቀሉ የሚያመልጣቸው የቴዎድሮስ አደባባይ ማብራሪያ ብቻ ነው፤ ቡድኑ ያንን ክፍል እስኪያስተካክል ድረስ ይህን መንገድ እኔም እመክራለሁ።