የልደታ ትርጉም ቢሮዎች በ«ቻርጅ» ሲፈተኑ

ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ «ትርጉም፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ማስታወቂያ በየደጃፉ ነው። ፍጥነቱም ማኅተሙም ከቤት ቤት ብዙ አይለያይም። የሚለያዩት ብዙ ፍቺ ያለው ቃል ሲገጥማቸው ነው። መለኪያችን «ቻርጅ» የሚለው እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ከክስ መዝገብ፣ ከባንክ ደብዳቤ፣ ከሥራ ልምድ፣ ከሆስፒታል ማስረጃ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ።

ቃሉ ሥሩ «ጋሪ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው፤ የጥንት ፍቺውም መጫን። ባትሪ ላይ ኤሌክትሪክ፣ ገዢ ላይ ዋጋ፣ ተከሳሽ ላይ ክስ፣ ሠራተኛ ላይ ኃላፊነት ይጫናል። ተርጓሚው ይህን ከያዘ ቀሪውን ዐውዱ ይነግረዋል።

ቀላል ቀላሉን ሁሉም ያልፉታል። «ሰርቪስ ቻርጅ» የአገልግሎት ክፍያ፣ «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ያለ ክፍያ ነው። ሰፈሩ ራሱ «የክስ ቻርጅ» ሲል ስለሚውል «ቻርጅ ሺት»ንም (የክስ ወረቀት) የሚሳሳተው የለም።

ጉዱ የሚመጣው «ቻርጅድ ዊዝ» ላይ ነው። ቀጥሎ ስርቆት ወይም ማጭበርበር ከተጻፈ «ተከሰሰ» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ሥራ ከተጻፈ ደግሞ «ኃላፊነት ተሰጠው»። ስለዚህ አንድ ንብረት ክፍል ኃላፊ «ንብረት የመቆጣጠር ኃላፊነት ተሰጥቶት» የሚለው የሥራ ልምዱ «ንብረት በመቆጣጠር ተከሶ» ሆኖ ማኅተም ሊያርፍበት ይችላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የክስ ወረቀት የሚጽፍ እጅ «ክስ»ን ለምዷል። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ጽሑፉን በማሽን አስተርጉሞ «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ ቃሉን በሰነዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ወጥነት ጥሩ ነው፤ ለዚህ ቃል ግን መርዝ ነው።

በአንዲት «ዘ» የሚገለበጥ ሐረግም አለ። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ሲል የፊተኛው ሰው ኃላፊ ነው፤ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ሲል የፊተኛው በኋለኛው ጥበቃ ሥር ነው። በሞግዚትነት ማስረጃ ላይ ይህ ከተሳተ ሕፃኑ የአክስቱ አሳዳጊ ሆኖ ይወጣል። ባንክ በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ ንብረት ላይ ያለ «ቻርጅ» መያዣ ነው። «ክፍያ» ተብሎ ከተተረጎመ ገዢው ጥቂት ብር ያልተከፈለበት ቤት መስሎት በዕዳ የተያዘ ቤት ይዋዋላል። ከኤምባሲ በሚመጣ ወረቀት ላይ ያለው «ሻርዤ ዳፌር» ፈረንሳይኛ ነው፤ አማርኛውም የታወቀ ነው፣ ጉዳይ ፈጻሚ። እዚህ ላይ ክስ ወይም ክፍያ የሚያስገባ ቢሮ ካጋጠመ ወረቀትዎን ተቀብለው ይውጡ።

የሆስፒታል ወረቀት የሚያስተረጉም ደግሞ «ዲስቻርጅ»ን ይጠብቅ። በአንዱ መስመር በሽተኛው ከሆስፒታል መውጣቱን፣ በሚቀጥለው ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽን ይናገራል። ስለ ቁስል የተጻፈው «ኖ ዲስቻርጅ» ፈሳሽ የለውም ማለት ሆኖ ሳለ «አልወጣም» ከተባለ፣ ኢንሹራንሱ ሰውየው ገና አልጋ ላይ ያለ ይመስለዋል። ቃሉ በውል ላይ ከዕዳ ወይም ከግዴታ ነፃ መውጣት፣ በሠራዊት ወረቀት ላይ መሰናበት ይሆናል።

ወደ ቢሮዎቹ ስንመለስ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉት አንድ ጸሐፊ ብቻ ያላቸው ቤቶች ለልደትና ለጋብቻ ምስክር ወረቀት ይበቃሉ። ቅጹ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ስላለ ስምና ቀን መሙላት ነው። የቀድሞው ደንበኛ ስም ሳይጠፋ ተረስቶ አለመቅረቱን ብቻ ይዩ። ውል፣ የሕክምና ማስረጃና የባንክ ደብዳቤ ግን ፎቅ ላይ ወዳሉት፣ ተርጓሚና አራሚ ለየብቻ ወዳላቸው ይውሰዱ። ይዘገያሉ፤ መዘግየታቸው ግን ያነበቡበት ጊዜ ነው። ጥሩው ተርጓሚ ገና ወረቀቱን ሲቀበል «የት ነው የሚገባው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ያልጠየቀ ቤት ላይ እኛ እምነት የለንም።

ከመስጠትዎ በፊት በፎቶ ኮፒው ላይ (ዋናው ላይ አይሁን) «ቻርጅ» ያለበትን ሁሉ በእርሳስ ያክብቡና ከጎኑ ምን ለማለት እንደሆነ በአማርኛ ይጻፉ። ዋጋው በገጽ ስለሆነ የሚቆጠረው የእንግሊዝኛው ገጽ ይሁን የአማርኛው መጀመሪያ ይስማሙ። ማኅተም ሳይመታ ረቂቁን ይጠይቁና ያከበቧቸውን ቃላት ብቻ እንኳ አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ከማኅተም በኋላ በእስክሪብቶ የሚደረግ እርማት ስርዝ ድልዝ ነው፤ ገጹ እንደገና መታተም አለበት። ስህተቱ የቢሮው ከሆነ ደግሞ ለዳግም ኅትመቱ መክፈል የለብዎትም፤ ይህንንም ቀብድ ሳይከፍሉ ይነጋገሩበት።