ፑሽካር ስትሄዱ አበባ አትቀበሉ

ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ዴልሂና ጃይፑር የምትመላለሱ ወገኖች፣ መንገዳችሁ ራጃስታን ውስጥ ወዳለችው ፑሽካር ከሆነ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። አትሂዱ እያልኩ አይደለም፤ ሂዱ፣ ታምራለች። ሐይቁ ዳር ግን አንድ ሰው ፈገግ ብሎ የጽጌረዳ አበባ ሲዘረጋላችሁ እጃችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።

ለማታውቋት፦ ፑሽካር ከአጅሜር ከተማ ናግ ፓሃር የሚባለውን ተራራ ተሻግራችሁ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል የምትደርሱባት ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ21 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሐይቋን 52 የመታጠቢያ ደረጃዎች ከበውታል፤ ጋት ይሏቸዋል። ሂንዱዎች ሐይቁ የፈለቀው ብራህማ የተባለው አምላካቸው የሎተስ አበባ የጣለበት ቦታ ላይ ነው ብለው ያምናሉ። የብራህማ ቤተ መቅደስ ደግሞ በመላው ህንድ እንደ ልብ ስለማይገኝ ተሳላሚው ከዳር እስከ ዳር ይጎርፋል። የማህተማ ጋንዲ አመድ ከፊሉ የተበተነውም እዚሁ ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና መጠጥ ከተማው ውስጥ ክልክል ነው። (ጾመኞች ይህን ሰምታችሁ ቶሎ አትደሰቱ፤ ቅቤውና ወተቱ የማይገባበት ምግብ የለም፤ ምስር እንኳ ስታዝዙ ያለ ቅቤ ብላችሁ አስረግጡ።)

ወደ አበባው ልመለስ። ከገበያው ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ አንድ ወጣት ወይም ሽማግሌ አበባ ይሰጣችኋል። «ነፃ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ጣሉት፤ ለቤተሰባችሁ በረከት ነው» ይላችኋል። ስንት ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ ቅር ይለዋል፤ ይህ ሃይማኖት እንጂ ንግድ አይደለም ይላል። አበባው አንዴ እጃችሁ ከገባ ግን ዝም ብላችሁ ውኃው ላይ ጥላችሁት የምትሄዱበት መንገድ የለም። ደረጃው ላይ ሳህን ይዞ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፤ ለእሱ ያስረክባችኋል። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ይለያዩአችኋል፤ አንዳችሁን እዚህ፣ አንዳችሁን ራቅ አድርገው እዚያ ያስቀምጧችኋል። ሥርዓቱ ስለሚያዝ እንዳይመስላችሁ። ዋጋው ሲጠራ ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ እንዳትመካከሩ ነው።

ሳህኑ ላይ አበባ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ቀይ ዱቄት፣ አንዳንዴም ኮኮናት ይኖራል። ሰውየው በሳንስክሪት አንድ አንድ ቃል ይላል፣ እናንተ ትደግማላችሁ። ግንባራችሁን በቀይ ይነካል። ቀጥሎ ስም ይጠይቃል፦ የእናንተን፣ የአባታችሁን፣ የእናታችሁን። ወንድምና እህት ስንት ናችሁ? አግብታችኋል? ልጆችስ? ስትሰሙት ለእያንዳንዱ ሊጸልይ ነው የሚመስለው፤ ሒሳቡ የሚሠራው ግን በዚህ ቆጠራ ነው። የቤተሰቡ ቁጥር በበዛ ቁጥር የሚጠየቀው ገንዘብ ይበዛል፤ የሰባት ልጆች ቤት ያደገ አበሻ ምን እንደሚጠብቀው አስቡት።

ከዚያ ሳንስክሪቱ መሀል ድንገት እንግሊዝኛ ይገባል። «ለቤተሰቤ ጤና ይህን ያህል ሩፒ እሰጣለሁ ብዬ ቃል እገባለሁ» የሚል። አፋችሁ መድገም ስለለመደ ይህንንም ትደግሙታላችሁ። የተንኮሉ እምብርት ይህች ናት። ከዚህ በኋላ ብትከራከሩ የዋጋ ክርክር መሆኑ ይቀርና ውኃው ፊት የገባችሁትን ቃል ማጠፍ ይሆናል፤ ሰውየውም የሚይዛችሁ በዚያው ነው። «ቃል ገብተሃል፤ ብታጥፍ በእናትህ ላይ ነው» ይላል።

የሚጠራው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ አኃዙ አንድ ነው፦ 501፣ 1,001፣ 5,001። የስጦታ ገንዘብ ላይ አንድ ሩፒ መጨመር ህንዶች ለመልካም ዕድል የሚያደርጉት እውነተኛ ልማድ ስለሆነ ነገሩ የቆየ ሥርዓት ይመስላል። ዶላርና ዩሮ የሚጠይቁም አሉ። «ትናንት አንድ እንግዳ ይህን ያህል ሰጠ» ብለው የስም ዝርዝር የተጻፈበት ደብተር ያወጣሉ፤ በማን እጅ እንደተጻፈ ራሳቸው ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ የማውቀው አንድ ልጅ ነው። እናቱን ዴልሂ ሊያሳክም የመጣ አስታማሚ ነበር፤ ምርመራው ሁለት ሦስት ቀን ፋታ ሲሰጠው ፑሽካርን ልይ ብሎ ወጣ። ደረጃው ላይ እናትህ ደኅና ናት ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ታማለች አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጸሎቱ በሙሉ በእናቱ ስም ሆነ፤ ሲጨርሱም ለቤተሰቡ በነፍስ ወከፍ፣ ለታማሚዋ ደግሞ ለብቻ ተጠየቀ። ከመድኃኒቱ ገንዘብ ላይ ቆጥሮ 5 ሺህ ሩፒ ሰጣቸው። የታመመ ሰው ስም እየጠሩ ገንዘብ መቀበል ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ እናንተው ስም ስጡት።

እንደኔ ግምት እኛ አበሾች ከፈረንጁ ይልቅ በዚህ ነገር ቶሎ እንያዛለን። ፈረንጁ አልፈልግም ብሎ ዘወር ይላል። እኛ ግን ምርቃት ሲዘረጋልን እምቢ ማለት ነውር ሆኖብን ነው ያደግነው፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲናገር ጎንበስ እንላለን። ሰውየው የእኛን ልማድ አያውቅም፤ ጎንበስ ያለን ሰው ግን ከሩቅ ይለያል። በዚያ ላይ የእኛ አማኝ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሳያስበው ለሌላ አምላክ መሥዋዕት ሲያቀርብ ራሱን ያገኘዋል። ያ የየራሳችሁ ጉዳይ ነው። እምነቴ አይፈቅድልኝም ማለት ግን ማንንም አይሰድብም፤ እውነተኛው የሂንዱ ካህን ሲሰማው ያከብረዋል። የማያከብረው ካለ ደግሞ ምን ሊሸጥላችሁ እንደቀረበ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ዳር ፓንዳ የሚባሉ፣ ሥራውን ከአባት ከአያት የወረሱ ካህናት አሉ። የተሳላሚ ቤተሰቦችን የትውልድ ሐረግ በረዣዥም መዝገቦች ይዘው ቆይተዋል፤ ከሩቅ ግዛት የመጣ ህንዳዊ የአያቱን ስም እዚያ ሊያገኝ ይችላል። ከሞተ ዘመድ ተዝካር ጀምሮ ብዙ ሥርዓት ይፈጽማሉ፣ ተሳላሚውም እንደ አቅሙ ይሰጣቸዋል። እነዚህ መንገድ ላይ ቆመው አበባ አያድሉም። መንገድ ላይ ከሚያገኟችሁ ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ካህንም አይደሉም።

ሥርዓቱን ማየት ከፈለጋችሁ ምሽት ላይ ሐይቁ ዳር መብራት እየበራ የሚደረገውን ጸሎት ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ማንም አያስከፍላችሁም። ጫማችሁን ከደረጃው በፊት አውልቁ፤ የሚታጠቡ ሰዎችን ፎቶ አታንሱ፤ ክልክል ነው፣ ነውርም ነው። «ቅጣት ክፈሉ» የሚል ሰው ከመጣ ደረሰኝ ጠይቁት። አበባ ከተዘረጋላችሁ «ናሂ ቻሂዬ» (አልፈልግም) ብላችሁ ሳትቆሙ እለፉ። መቆም ነው ችግሩ፤ ከየት ናችሁ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የነቃችሁት ከተቀመጣችሁ በኋላ ከሆነ፣ የገንዘብ ቁጥር ያለበትን ዓረፍተ ነገር አትድገሙ። ዝም በሉ። ከዚያ 20 ወይም 50 ሩፒ ሳህኑ ላይ አድርጋችሁ ተነሡ። ይሳደባል፣ ይራገማል፤ ይራገም። እጅ የሚይዝ ካለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ ደረጃው ሁልጊዜ ሰው አለበት፣ ተሳላሚው ራሱ ይህን ነገር አይወድላቸውም።

ፑጃውን፣ ማለትም ይህን የጸሎት ሥርዓት፣ ስትጨርሱ እጃችሁ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። መንገደኞች «የፑሽካር ፓስፖርት» ይሉታል፤ ክሩን ያየ ሌላ አበባ ሰጪ ይህ ከፍሏል ብሎ ይተዋችኋል። አንዳንዱ ክሩን ከገበያ በጥቂት ሩፒ ገዝቶ ራሱ ያስራል። ይሠራል ይላሉ። አንገቱ ላይ ማተብ ያለው ሰው ክር መጨመር ይኑርበት አይኑርበት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እኔ አልገባበትም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ምክንያቱም ዘዴው ያው ነው፦ ዋጋው የሚነገረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሴቶች እጃችሁን ያዝ አድርገው ሂና መሳል ይጀምራሉ፤ ሠላምታ ይመስላል፤ ግማሽ እጅ ተስሎ ካለቀ በኋላ በመቶዎች ሩፒ ይጠየቃል። ልጅ ያዘለች እናት ገንዘብ አልፈልግም፣ ለልጄ የዱቄት ወተት ግዙልኝ ትላችኋለች፤ ሱቁን የምትመርጠው እሷ ናት፣ ዋጋው ከመደርደሪያው ዋጋ በላይ ነው፣ እናንተ ስትሄዱ ቆርቆሮው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። የሚራብ ልጅ የለም እያልኩ አይደለም፤ መርዳት ከፈለጋችሁ የተዘጋጀ ምግብ ገዝታችሁ እዚያው ስጡ። ካፌ ውስጥ «ስፔሻል ላሲ» የተባለ እርጎ ከተጻፈ ባንግ ያለበት ነው፤ ከካናቢስ ቅጠል የሚሠራ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ቀላቅለው እንዳያመጡላችሁ ተራውን ላሲ ለይታችሁ እዘዙ።

የግመል ጉዞ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋው ለግመሉ ነው ወይስ ለሰው፣ መመለሻውን ይጨምራል ወይ? በወረቀት ላይ የሚያሳዩአችሁ የትልልቅ አሸዋ ክምር ፎቶ ብዙ ጊዜ የጃይሳልመር ነው፤ ያ ደግሞ ከፑሽካር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ይርቃል። የፑሽካር ዙሪያ አሸዋማ ነው እንጂ እንደዚያ አይደለም።

ዋናው ኪሳራ ግን በግመሉ ገበያ ሰሞን ነው። ገበያው ካርቲክ በሚባለው ወራቸው፣ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይውላል፣ የሚያልቀው በጨረቃ ሙላት ቀን ነው፤ ስለዚህ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። የክፍል ዋጋ በዚያ ሳምንት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይነገራችሁ፣ ከብት ነጋዴዎቹ ገበያቸውን የሚጨርሱት ቀደም ብለው ነው፤ ወደ መጨረሻው ግመሎቹ አብዛኞቹ ሄደው የሃይማኖቱ በዓል ይደምቃል። በግመል ፎቶ ተሞልቶ «የመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች» ተብሎ የሚሸጥ ውድ የድንኳን ጥቅል ከቀረበላችሁ፣ ግመል ልታዩ ከሆነ የምትሄዱት አትግዙት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያዙ።

ማረፊያ ስትይዙ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ «ለውጭ ዜጋ ፎርም ሲ ትሞላላችሁ?» በሉ። ህንድ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ሁሉ ይህን ቅጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት መላክ አለበት። ትናንሽ የገጠር ከተማ ማረፊያዎች ብዙዎቹ ለዚህ አልተመዘገቡም፤ ኢንተርኔት ላይ ገንዘባችሁን ተቀብለው ማታ በር ላይ ፓስፖርታችሁን ሲያዩ አናስተናግድም ይላሉ። ገንዘቡን ማስመለስ ሌላ ጣጣ ነው።

ችግር ከገጠማችሁ 1363 ደውሉ፤ የህንድ ቱሪዝም ሚኒስቴር የመንገደኞች ስልክ ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ በእንግሊዝኛም ይመልሳሉ። ጉዳዩ ማስፈራራት ከደረሰ 112 ነው። ደረጃው ላይ በእጅ የሰጣችሁት ገንዘብ ይመለሳል ብዬ አላታልላችሁም። ከዚያ ስትወጡ ሌላ ሰው «ያ የአበባው ነበር፣ ይሄ የሐይቁ ጽዳት ነው» ብሎ እጁን ቢዘረጋ ግን ለእሱ ደግሞ አትክፈሉ።