አሥራ አንድ ወር ከካራቫናችን ጋር

ይህን የምጽፈው ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ለመግዛት የሚያስቡ ቤተሰቦች እኔ በጥቅምት ወር ፎገራ ሜዳ ላይ ያየሁትን እንዳያዩ ብዬ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ወድደነዋል፤ አንሸጠውም። ነገር ግን በገዛሁት ቀን ስለ መኝታውና ስለ ምድጃው ብዙ ጠይቄ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚጫንበት አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ፈርሜ ተረከብሁት።

ካራቫኑ ያገለገለ፣ ጀርመን ሠራሽ፣ በአንድ ጥንድ ጎማ የሚሄድ ተሳቢ ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ መሐንዲስ አዲስ አበባ ላይ ገዛነው። ባዶውን 1,050 ኪሎ ይመዝናል፤ ከነጭነቱ ከ1,300 ኪሎ እንዳይበልጥ በሩ አጠገብ የተለጠፈው ጽሑፍ ያዛል። የሚጎትተው የቤታችን ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ናፍጣ፣ ባዶ ክብደቱ 2,000 ኪሎ ያህል። ለጀማሪ የሚመከረው ካራቫኑ ከነጭነቱ ከጎታቹ መኪና ባዶ ክብደት 85 በመቶ እንዳያልፍ ስለሆነ፣ እኛ ሰፊ ትርፍ አለን። ትርፉም ያስፈልጋል። የምንኖርባት ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነው ያለችው፤ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። በመኪናችሁ መጽሐፍ ላይ የሰፈረውን የመጎተት አቅም እንዳለ አትቁጠሩት።

ከአዲስ አበባ ያመጣልን ዕድሜውን በተሳቢ ላይ ያሳለፈ ሾፌር ነው። የዓባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት በመጀመሪያ ቀኔ ልሞክረው አልፈለግሁም፤ ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው።

እኔ ራሴ የጎተትሁት የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ወደ ጎርጎራ ነበር። ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ ሲወረድ የፎገራ ሜዳ ይጀምራል፤ ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ። ሳላስተውለው ፍጥነቴ 85 ደርሷል። አንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በግራ በኩል ሲቀድመኝ ነፋሱ ካራቫኑን ገፋው፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ የካራቫኑ ጅራት ግራ ቀኝ መወዛወዝ ያዘ፤ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው ይከፋል። የመኪናው የኋላ ጎማዎች ከአስፋልቱ ላይ የሚነሱ መሰለኝ። ልጆቼ ጭጭ አሉ። ባለቤቴ እጄን አልያዘችም፣ አልጮኸችም፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝሁ፣ ፍሬን አልረገጥሁም። ወደ 60 ስንወርድ ሰከነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፍሬን በኃይል መርገጥም ሆነ ውዝዋዜውን በመሪ ለማስተካከል መታገል ነገሩን ያባብሰዋል።

ዳር ይዤ ቆሜ የካራቫኑን በር ስከፍት ምክንያቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከኋለኛው አልጋ ሥር ያለው ሣጥን ሰፊ ስለሆነ የከባዱን ዕቃ ሁሉ እዚያ አጭቀን ነበር፤ ሁለት ሃያ ሃያ ሊትር ውኃ የያዙ ጄሪካኖች፣ ግማሽ ጆንያ ከሰል፣ የጤፍ ዱቄት፣ ብረት ድስቱ፣ የድንኳኑ ብረቶች። ካራቫን በጎማዎቹ ላይ እንደ ሚዛን የተንጠለጠለ ነገር ነው፤ ከኋላ የከበደውን ያህል አፍንጫው፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊት ጫፉ፣ ከመጎተቻው ላይ ይቀልላል። አፍንጫው የቀለለ ካራቫን ደግሞ ለትንሽ ነፋስም እጁን ይሰጣል።

ቤት ስንመለስ ያንኑ ጭነት በቦታው እንዳለ ትቼ ለካሁት። የሰውነት ክብደት የሚለካበትን ተራ ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ከመጎተቻው ቁመት ጋር የሚተካከል ቋሚ እንጨት አቁሜበት፣ የካራቫኑን አፍንጫ በእንጨቱ ላይ አሳረፍሁ። ያነበበው 28 ኪሎ ነው። መሆን የነበረበት ከካራቫኑ ሙሉ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ፣ ማለትም በእኛ ከ65 እስከ 90 ኪሎ ነበር። ላዩን ያማረ አደራደር ይህን ያህል ጎዶሎ ሆኖ ማየቱ አስደነገጠኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰሉና ጄሪካኑ በመኪናው የጭነት ሣጥን ላይ ይሄዳሉ፤ ከባዱ ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ የላይኛው ቁም ሣጥን ለልብስና ለዳቦ ብቻ ነው፤ የውኃ ጋኑን የምንሞላው ከደረስን በኋላ ነው። አሁን ሚዛኑ 80 አካባቢ ያነባል። ወደ ፊት ማብዛትም ስሕተት ነው፤ የመጎተቻው ጣሪያ 100 ኪሎ እንደሆነ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ የመኪናው የኋላ ስፕሪንግም ይጎብጣል። ፍጥነቴ ከ70 አያልፍም። ሲኖትራክ በአጠገባችን ሲያልፍ አሁን ካራቫኑ ነቅነቅ ብሎ ይቆማል፤ ሌላ የለም።

ወደ ኋላ መንዳት ሦስት የእሑድ ጠዋት ወሰደብኝ፤ በአንድ ሰፊ ባዶ ግቢ፣ ልጄ ከኋላ ቆማ እየጠቆመችኝ። የረዳኝ ነገር ቢኖር መሪውን ከታች በኩል መያዝ ነው፤ እጃችሁ ወደ ግራ ሲሄድ የካራቫኑም ጅራት ወደ ግራ ይሄዳል።

የካራቫኑ ፍሬን በራሱ የሚሠራ ዓይነት ነው፤ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ካራቫኑ ወደ ፊት ይገፋል፣ ግፊቱም የራሱን ፍሬን ይጫነዋል። ሜዳ ላይ ግሩም ነው። ከአዲስ ዘመን በኋላ ባለው ዳገትና ቁልቁለት ግን በዝቅተኛ ማርሽ ካልወረዳችሁ ሲግል ይሸታችኋል። ካራቫኑ ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚስበውን ቀጭን የብረት ገመድ ሁልጊዜ እሰሩ። የጎማውን ብሎኖች ከተነሣችሁ 50 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እንደገና አጥብቁ፤ እኔ ሐሙሲት ላይ አንድ የላላ አግኝቻለሁ። ጎማን ደግሞ በጥርሱ አትመኑት። የእኛዎቹ አዲስ ይመስሉ ነበር፤ ጎናቸው ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ግን ሳምንቱንና ዓመቱን ሲናገር ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ሁለቱንም ቀየርኋቸው። ያን ክብደት የሚችል ልክ እዚህ ጎሚስታ ቤቶች ስላላገኘሁ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። የመብራት ገመዱም አንድ ጋራዥ ፍሬቻውን ከፍሬን መብራቱ ጋር አምታቶ ስለሠራው ለሁለት ወር ሳናውቅ ተጉዘናል። አሁን ሳንነሣ አንዳችን ከኋላ ቆመን እያንዳንዱን መብራት እናያለን።

አብዛኛውን ሌሊት ያደርነው ሩቅ ሄደን ሳይሆን ጣና ዳር፣ አጥርና ጥበቃ ባለው የዘመድ ግቢ ውስጥ ነው። ረጅም መንገድ የምንወጣው የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀን፣ በጠዋት ብቻ ነው። ከውኃው ራቅ ብለን እንቆማለን፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ መሬቱም ዋልካ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ጎማ ይውጣል። ወባ ስላለ የመስኮቶቹን መረብ አልተማመንሁበትም፤ በየአልጋው አጎበር ሰቅለናል። ንጋት ላይ ግን በሩን ከፍቶ ደንገል ታንኳ በጭጋጉ ውስጥ ሲያልፍ ማየት፣ ከአሣ አጥማጁ እጅ ቀረሶ ገዝቶ እዚያው መጥበስ! ልጆቼ ባሕር ዳር ተወልደው ሐይቁን በዚህ ሰዓት አይተውት አያውቁም ነበር።

ቡና ካራቫን ውስጥ አይፈላም፤ የከሰል ጭስ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ባለቤቴ ረከቦቱን ከደጅ፣ ከሸራው ሥር ታቀርባለች። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። በታኅሣሥ እንጅባራ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ ዘንድ አደርን፤ ከፍታው 2,500 ሜትር ያህል ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሌሊት ስነቃ እናቴ ወለሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በነጠላዋ ጠቅጥቃቸዋለች። «እማዬ፣ ይህ የጋዝ መውጫ ነው» ስላት፣ «ታዲያ ልጆቹን ብርድ ይምታቸው?» አለችኝ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ በዚያ ቀዳዳ ካልወጣ ይጠራቀማል። ይህን ስነግራት ነጠላዋን አንሥታ ጋቢዋን ለልጆቹ ደረበችላቸው። እንግዳ ስታሳድሩ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ።

የማያስደስተኝ ነገር ክረምቱ ነው። በሐምሌ ከፊተኛው መስኮት ጥግ ውኃ ገባ፤ ከውስጥ የታየን የግድግዳው መጠቆር ነው። የደረቀውን ማጣበቂያ ፍቄ በአዲስ ሲሊኮን ዘጋሁት፣ የራሰውን እንጨት ለማድረቅ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ። ያገለገለ ካራቫን የምትገዙ ሁሉ የግድግዳውን ማዕዘኖች በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ፤ የሚሰረጉድ ከሆነ ጥላችሁ ሂዱ። ፍሪጁም በጋዝም በመብራትም ይሠራል ተብሎ ነበር፤ ይሠራልም፣ ካራቫኑ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ከቆመ ብቻ። በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች ለማጽናት እንጂ ለማንሣት አይደሉም፤ ዝቅ ያለውን ጎማ ጣውላ ላይ አውጥታችሁ ነው የምታስተካክሉት። ናፍጣው ያለ ካራቫን ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ተኩል ይበቃው ነበር፤ እየጎተተ 14 ይጠጣል።

እስከ አሁን 1,600 ኪሎ ሜትር ጎትቼዋለሁ፣ 31 ሌሊት አድረንበታል። አሁን ነሐሴ ስለሆነ ከሸራ ሥር ቆሟል፤ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥቼ ባትሪውን አውጥቻለሁ። መስከረም ሲጠባ ኩሽኔታዎቹን አስከፍቼ ግራሶ አስሞላለሁ፣ ከዚያ ሚዛኑንና ያቺን ቋሚ እንጨት ይዤ እንደገና እለካለሁ።