ሞናኮ ከሄዳችሁ ከላይኛው ፎቅ ጀምሩ

ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ የምትኖረው እህቴ ጋ ለእረፍት ሄጄ ነው ሞናኮ ያለውን የውቅያኖስ ሙዚየም ያየሁት። ከኒስ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ከጣቢያው በኋላ ግን ዳገት አለባችሁ፣ ሐምሌ ወይ ነሐሴ ከሆነ ውሃ ያዙ። ሕንፃው ገደል አፋፍ ላይ ነው የተሠራው፣ ከባሕሩ 85 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ታዩታላችሁ።

ሰዉ እንደገባ የሚወርደው ወደ ዓሣዎቹ ነው። አልፈርድም፤ የሻርኮቹ ገንዳ ብቻ 450 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል፣ የእህቴን ልጅ ከመስታወቱ ማላቀቅ አቅቶን ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ላይ ውጡ እላለሁ፣ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ሙዚየሙን ያሠራው የሞናኮው ልዑል ቀዳማዊ አልበርት ነው፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ገንዘብ ብቻ የሰጠ እንዳይመስላችሁ። ራሱ ባሕረኛ ነበር፣ ከ1885 ጀምሮ በ30 ዓመት ውስጥ 28 የምርምር ጉዞ መርቷል። እኔን የያዘኝ የጠርሙሶቹ ታሪክ ነው። የአትላንቲክ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ፈለገ፤ ሳተላይት የለ፣ ምን የለ። እስከ 1887 ድረስ 1,675 ጠርሙስ፣ የእንጨት በርሜልና የመዳብ ኳስ ባሕር ላይ ጣለ፣ በየውስጣቸውም ያገኘው ሰው የት እንዳገኘው ጽፎ እንዲልክ የሚለምን ወረቀት አደረገ። የተመለሱት 227 ናቸው፣ ከሰባት አንድ እንኳ አይሞሉም። በእነዚህ ነው የሰሜን አትላንቲክ ውሃ በአዞረስ ደሴቶች ዙሪያ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ እንደሚዞር ያሳየው! እዚያ ቆሜ ስንት ዓሣ አጥማጅ ወረቀቱን አንብቦ ፖስታ ቤት እንደሄደ ሳስብ ነበር።

ሌላው ደግሞ ለቤታችን የቀረበ ነው። የእህቴ ልጅ ኦቾሎኒ ከቀመሰች ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ መርፌዋን ሳንይዝ ከቤት አንወጣም። አናፊላክሲስ እንደሚባል አውቅ ነበር፣ ታሪኩ ከልዑሉ መርከብ እንደሚጀምር ግን አላውቅም። በ1901 ሳይንቲስቶቹ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ አብረውት ተጉዘው ጄሊፊሽ የሚመስል የባሕር እንስሳ መርዝ ማጥናት ጀመሩ። ፓሪስ ተመልሰው በሌላ የባሕር እንስሳ መርዝ ውሾች ላይ ሲቀጥሉ፣ መርዙን ለምዶታል ያሉት ውሻ በሁለተኛው ዙር ትንሽ ስለተሰጠው ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተባቸው። አናፊላክሲስ ያሉት ይህንን ነው። ሪሼ በዚህ ሥራ በ1913 ኖቤል ተሸለመ። እህቴ ይህን ስነግራት ልጇን እቅፍ አደረገቻት።

ከ1957 ጀምሮ ሙዚየሙን ለ30 ዓመት ያህል የመራው ፈረንሳዊው የባሕር ጠላቂ ዣክ ኩስቶ ነው። በ1963 ሰዎቹን እኛው ጎረቤት፣ ሱዳን ጠረፍ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በተሠራ ቤት አንድ ወር ያህል አኑሯቸዋል።

ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያዙ። እኛ ባቡር አስቸኩሎን 20 ሜትር ገደማ የሚሆነውን የዓሣ ነባሪ አጥንት በሩጫ ነው ያለፍነው። በሚቀጥለው ዓመት ለእሱ እመለሳለሁ።