ራሱ በበየደው ማሽን ጎማ የሚፈታው ጎሚስታ
ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና መውጫ አስፋልቱ ዳር ያለችውን ጎሚስታ ላልሞከራችሁ፣ ልጁ የጎማ መፍቻውን ራሱ ነው የሰራው ከቱቦና ከወፍራም ላሜራ በይዶ መሬት ላይ በቡሎን አስሮታል፣ ረጅሙን እጀታ ሲጫነው ቸርኬው ላይ የተጣበቀው ጎማ ጧ ብሎ ይለቃል፣ በመዶሻ መደብደብ የለም። ጎማውን ፈልቅቆ የሚያወጣበትን ብረት፣ ፌሮውን ደሞ ካሮጌ የመኪና ባሌስትራ (ከስር ያለው ዝርግ ሞላ) ነው ያወጣው፣ ሲሞርደው ውሃ እየነከረ ነው ምክንያቱም በጣም ከጋለ ጥንካሬው ይሄዳል። ሳሙና ውሃ ቀብቶ ባንዱ በኩል ጎማውን ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ይረግጠዋል ከዛ በሌላው በኩል ያለ ትግል ይወጣል፣ እጁ ጎበዝ ነው በጣም! ቅር ያለኝ አሎይ ቸርኬ ላይ መከለያ ሳያደርግ መጀመሩ ነው፣ ጭሮብኛል። ባላንስ ማሽን የለውም፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ለምትወርዱ ግን ንፋሱን በጌጅ ለክቶ ነው የሚሸኛችሁ፣ ዋጋውም አይጎዳም።